ከደረስጌ እስከ ፍሎረንስ፦ የደጋው ሠዓሊ ከአውሮፓ ህዳሴ ምን ወሰደ? ምንስ ተወ?

ደረስጌ ማርያም ከደባርቅ ማዶ፣ በስሜን ጃናሞራ የምትገኝ ደብር ናት። ያሠሯት የስሜንና የትግሬ ገዢ የነበሩት ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ሲሆኑ፣ የዕፅዋት ተመራማሪው ዊልሄልም ሺምፐርና ሠዓሊው ኤድዋርድ ዛንደር የተባሉ ሁለት ጀርመናውያን በሥራው ተሳትፈዋል። ውቤ ሊነግሡባት ያሰቧት ቤተ ክርስቲያን በየካቲት 1847 ዓ.ም. ድል ላደረጓቸው ለካሣ ኃይሉ የዘውድ መድፊያ ሆነች፤ ካሣም ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተባሉ። የታሪክ መጻሕፍት ደረስጌን የሚያነሷት በዚህ ነው። የሥዕል ታሪክ ደግሞ የራሱ ምክንያት አለው፤ በጎንደር ዘመን የተሣለ የዮሐንስ ራእይ መጽሐፍ የሚገኘው በዚህች ደብር ነው። ማክኢዋን የተባሉ ተመራማሪ በ2006 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት እንደሚታወቀው፣ እንዲህ በሥዕል የተሞላ የራእይ መጽሐፍ በኢትዮጵያ የታወቀው ሁለት ብቻ ነው፤ ሌላው ለንደን በብሪቲሽ ላይብረሪ ይገኛል። ይህን የመሰለ ቅርስ ባለበት አገር፣ ከአውሮፓ የህዳሴ ዘመን ሥዕል ጋር የሚደረግ ንጽጽር ተራ የአካዳሚ ልማድ ሊሆን አይገባውም።

እስካሁን የተለመደው ንጽጽር ግን የብድር መዝገብ ይመስላል፤ ማን ከማን ቀዳ የሚለውን ይቆጥርና እዚያው ላይ ይቆማል። መቆጠር ያለበት ነገር መኖሩ አይካድም። በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን የነበረው ፍሬ ጽዮን የማርያምን ሥዕል ሲሥል የጣሊያን አርአያ በፊቱ እንደነበረ ሥራዎቹ ይናገራሉ። የቬኒሱ ኒኮሎ ብራንካሊዮን፣ በአገሬው ስሙ መርቆሬዎስ፣ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ መጥቶ ዕድሜውን እዚሁ ሲሥል ኖሯል፤ በ1520ዎቹ የመጣው ፖርቱጋላዊው አልቫሬዝም አግኝቶታል። በ1591 እ.ኤ.አ. በሮም በሜዲቺ ማተሚያ ቤት የታተመው የዐረብኛ ወንጌል፣ የፍሎረንሱ አንቶኒዮ ቴምፔስታ የነደፋቸውን የእንጨት ቅርጽ ሥዕሎች ይዞ ወደ ጎንደር ደርሷል። እኔ የምሟገተው ከዚህ ዝርዝር በኋላ ስለሚመጣው ጥያቄ ነው። የደጋው ሠዓሊ ከህዳሴው የሰውን አቋምና የትዕይንቱን ድርሰት ወሰደ፣ በኋላም የፊት ጥላን ተማረ፤ የህዳሴው ዋና ኩራት የነበረውን የርቀት አሳሳል፣ ማለትም ፐርስፔክቲቭን ግን አልወሰደም። ይህን ያደረገው ባለማወቅ ሳይሆን፣ የሚሥለው እምነት ስለማይፈቅድለት ነው።

የጎንደር ሠዓሊ የቴምፔስታን ቅርጽ ምን እንዳደረገው እንመልከት። የክርስቶስ እጅ አዘረጋግ፣ የሐዋርያት አሰላለፍ፣ የሕመምተኛው አጎነባበስ ከሮሙ ኅትመት ጋር ይገጥማል። ከሰዎቹ ጀርባ ያለው ሜዳ፣ ሕንፃና እየራቀ የሚያንስ ኮረብታ ግን የለም፤ በቦታው ንጹሕ ቀለም ተቀብቷል። በቴምፔስታ ብዙ ጭረት የተጨለመው ልብስ በጎንደሩ ሥራ በጥቁር መስመር የተከበበ ቀይ፣ ቢጫና ሰማያዊ ይሆናል። ሰውን እንዲህ አስተካክሎ የሚገለብጥ እጅ ኮረብታ መገልበጥ አያቅተውም። የተወው ስለማያስፈልገው ነው።

ለምን አላስፈለገውም? መልሱ በሥላሴ ሥዕል ጎልቶ ይታያል። ማሳቺዮ በ1427 እ.ኤ.አ. ገደማ በፍሎረንሷ ሳንታ ማሪያ ኖቬላ ግድግዳ ላይ የሣለው ሥላሴ በርቀት አሳሳል ታሪክ የመጀመሪያው ታላቅ ሥራ ተብሎ ይጠራል። አብ ከኋላ ቆሟል፤ ወልድ ከፊቱ በመስቀል ላይ ነው፤ መንፈስ ቅዱስ በመካከላቸው በርግብ አምሳል ይወርዳል፤ የጣሪያው መስመሮች ሁሉ የሚገናኙትም በቆመው ተመልካች ዓይን ልክ ነው። በጎንደርና በስሜን አብያተ ክርስቲያናት ግን ሥላሴ በአርባዕቱ እንስሳ መካከል የተቀመጡ፣ በመልክ፣ በልብስና በቁመት አንድ የሆኑ ሦስት አረጋውያን ናቸው። በርቀት አሳሳል ሕግ የቀረበ ይገዝፋል፣ የራቀ ያንሳል። በምሥጢረ ሥላሴ ትምህርት ግን በሦስቱ አካላት መካከል መብለጥና ማነስ የለም። የህዳሴው ሊቅ አልበርቲ በ1435 እ.ኤ.አ. ሥዕልን በተከፈተ መስኮት መስሎት ነበር፤ በመስኮት የሚያይ ሰው የሁሉን መጠን ከራሱ መቆሚያ ይለካል። በመቅደሱ ግድግዳ ላይ ግን ለኪው ምእመኑ አይደለም። ሸራው ተሥሎ ግድግዳው ላይ ሲለጠፍ፣ ቅዱሱ ከሰው ይገዝፋል፣ መላእክት በሩን ይጠብቃሉ፤ መጠንን የሚወስነው ቅድስና እንጂ ርቀት አይደለም።

እዚህ ላይ የህዳሴውንም ዘመን እንደ አንድ ወጥ ሚዛን ከማየት መጠንቀቅ ይገባል። በኢትዮጵያ ሥዕል ጻድቃን ፊታቸውን ወደ እኛ አድርገው በሁለት ዓይን ይታያሉ፣ ኃጥአን ደግሞ በጎን ሆነው በአንድ ዓይን። አንዳንዶች ይህን የልጅነት ምልክት ያደርጉታል። ነገር ግን አንድሬያ ዴል ካስታኞ በ1447 እ.ኤ.አ. በፍሎረንስ የሣለውን የመጨረሻ እራት ብናይ፣ ይሁዳ ከሐዋርያት ተለይቶ ከማዕዱ በዚህ በኩል ብቻውን፣ በጎን ተቀምጧል። ይህን ልማድ የሰበረው ሊዮናርዶ ነው፤ በ1490ዎቹ ሚላን ላይ ይሁዳን ከሌሎቹ ጋር በአንድ ረድፍ አስቀምጦ፣ ክፉውን የገለጠው በጥላ፣ በእጁ በጨበጠው ከረጢትና በሸሸ ገላው ነው። የክፍሉ መስመሮችም በክርስቶስ ራስ ላይ ይገናኛሉ። ሊዮናርዶ ኃጢአትን በሰው ጠባይ ውስጥ ፈለገ፤ ካስታኞና የደጋው ሠዓሊ በሥፍራና በፊት አቅጣጫ አሳዩት። የመጀመሪያው ተመልካቹን ያመራምራል፤ ሁለተኛው ፊደል ያልቆጠረው ምእመን እንኳ ሳይሳሳት እንዲያነብ ያደርገዋል። እያንዳንዱ ሥራ መመዘን ያለበት በተነሣበት ዓላማ ነው።

ሁለት ተቃውሞዎች ይጠበቃሉ። አንደኛው፣ ሠዓሊዎቻችን ሐሳባቸውን የጻፉበት ድርሳን ስለሌለ ምርጫ ነበር ማለት ግምት ነው የሚል ነው። ድርሳን አለመኖሩ እውነት ነው፤ ግን ሥራው ራሱ ይመሰክራል። በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በእቴጌ ምንትዋብ ዘመን፣ ሁለተኛው የጎንደር ስልት ፊትን በጥላ መቅረጽ ጀመረ፤ የልብሱንም እጥፋት አበዛ። የትምህርቱ በር ክፍት ሆኖ ሳለ፣ የርቀቱ ሥርዓት ግን ትውልድ አልፎ ትውልድ ሲተካ በውጭ ቀረ። አንዱን ተቀብሎ ሌላውን ለመቶ ዓመታት መተው ድንገተኛ ሊሆን አይችልም። ሁለተኛው ተቃውሞ፣ ይህ አነጋገር የቤተ ክርስቲያንን ሥዕል ከትችት በላይ ያደርገዋል የሚል ነው። አያደርገውም። ደካማ እጅ፣ ሕይወት የሌለው ቅጂ፣ የተዘበራረቀ ድርሰት በስሜንም በፍሎረንስም አለ። የምጠይቀው ደካማው ሠዓሊ በራሱ ሥርዓት ሚዛን ደካማ እንዲባል ብቻ ነው።

ወደ ደረስጌው ራእይ ስንመለስ ይህ ንጽጽር ፍሬው የት እንደሆነ ይታያል። አልብሬኽት ዱረር በ1498 እ.ኤ.አ. ራእየ ዮሐንስን በእንጨት ቅርጽ ካሳተመ በኋላ፣ ክራናኽም ሆልባይንም በአዲስ ኪዳን ኅትመቶች ላይ የእሱን ፈለግ ተከትለዋል። ዱረር አራቱን ፈረሰኞች በአንድ ገጽ ጨምቆ በሚጋልብ ማዕበል አስፈራን። ከዚያ በኋላ የመጣ ማንኛውም የራእይ ሥዕል፣ የጎንደሩም ጭምር፣ ከዱረር ጎን ተቀምጦ መታየት ይገባዋል፤ ነገር ግን ጥያቄው ምን ያህል ተመሳሰለ የሚለው መሆን የለበትም። መጠየቅ ያለበት፣ ያንኑ የመጨረሻ ቀን ፍርሃት የትኛው ሠዓሊ በምን መንገድ፣ ለየትኛው አንባቢ ተናገረ የሚለው ነው። ለደባርቅና ለጎንደር ዩኒቨርሲቲዎች የሥነ ጥበብና የታሪክ ተማሪዎች ይህ ቅርብ ሥራ ነው፤ ለደብሩ ካህናትና ለቅርስ ባለሥልጣን ደግሞ መጽሐፉ ከእርጥበትና ከብዙ እጅ ተጠብቆ፣ ገጽ በገጽ ፎቶ ተነሥቶ እንዲቀመጥ ማድረግ ግዴታ ነው። የህዳሴውን ሠዓሊዎች በሚገባ ማጥናት አለብን፤ በእነሱ ሚዛን ብቻ የራሳችንን ማቃለል ግን እዚህ ላይ ይብቃ።