በአራስ ሕፃን አንጎል ላይ የሚደርስ ስትሮክና የእጅ እንቅስቃሴ፤ በጥናቶቹ ላይ የቀረበ ሒስ

በአራስ ሕፃን አንጎል ውስጥ አንድ የደም ሥር ሲዘጋ፥ ከዚያ ሥር ይመገብ የነበረው የአንጎል ክፍል ይሞታል። ስትሮክ የሽማግሌዎች በሽታ ብቻ ይመስላል እንጂ፥ በሕይወት ከሚወለዱ ከጥቂት ሺህ ሕፃናት አንዱን ያገኛል። ብዙውን ጊዜ ምልክቱ በመጀመሪያዎቹ ቀኖች የሚታይ መንዘፍዘፍ ነው። አንዳንዱ ግን ሳይታወቅ ቆይቶ፥ ሕፃኑ ገና ዓመት ሳይሞላው አንዱን እጁን ብቻ እየዘረጋ ሲያስቸግር ወላጆቹ ይደርሱበታል። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው፥ ከጉዳቱ በኋላ የአንጎል መስመሮች እንዴት እንደሚያያዙና ይህም በልጁ እጅ ላይ ምን እንደሚያስከትል ሊቃውንት የሰጡትን ትንታኔ ነው።

የነገሩ መነሻ አንድ የቆየ እምነት ነው። አሜሪካዊቷ ማርጋሬት ኬናርድ ከ1936 ጀምሮ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በጦጣዎች ላይ ባደረጉት ምርመራ፥ በግልገልነቱ የተጎዳ አንጎል በጎልማሳነት ከተጎዳው ይልቅ እንቅስቃሴውን መልሶ እንደሚያገኝ ጻፉ። ከእርሳቸው በኋላ የመጡት ነገሩን አጠንክረው «ጉዳት በቶሎ ቢደርስ ይሻላል» የሚል ሕግ አደረጉት። ኾኖም ኬናርድ ራሳቸው ግልገሎቹ እያደጉ ሲሄዱ የጡንቻ መገተር እንደ ታየባቸው መዝግበው ነበር። እንጨት በእርጥቡ ይቃናል ይባላል፤ ነገር ግን እርጥብ እንጨት የሚቃናውን ያህል ይጎብጣልም።

ይህን መጉበጥ አጉልተው ያሳዩት በእንግሊዝ አገር በኒውካስል የተመራመሩት ጃኔት ኤየር ናቸው። ሕፃን ሲወለድ ከእያንዳንዱ የአንጎል ግማሽ ወደ ኅብለ ሰረሰር የሚወርደው የነርቭ መንገድ ወደ ሁለቱም ወገን ይሄዳል። ልጁ ሲያድግ ተሻግሮ ወደ ተቃራኒው እጅ የሚሄደው ይጸናል፤ በራሱ ወገን የሚቀረው ይመነምናል። ኤየርና ባልደረቦቻቸው በ2007 ባወጡት ጽሑፍ፥ አንጎልን ከራስ ቅል ውጭ በመግነጢስ ቀስቅሰው በጡንቻ ላይ የሚመጣውን መልስ ለኩ። በመጀመሪያ ከተጎዳው ግማሽ ይገኝ የነበረው መልስ በአንዳንድ ሕፃናት ከወራት በኋላ ጠፋ። እንደ እነርሱ አስተያየት፥ ደኅናው ግማሽ ስለሚሻማው ደካማው ይሸነፋል፤ ይህም አንጎል አንዱን ዓይን ችላ ሲል የሚመጣውን የዓይን ስንፈት ይመስላል።

ይህ ሐሳብ ምስጋና ይገባዋል፤ ጉዳቱ በአንድ ቀን ያለቀ ሳይኾን ለወራት የሚቀጥል ሽሚያ መኾኑን ያሳያልና። ምሳሌው ግን እስከ መጨረሻው አያደርሰንም። በዓይን ስንፈት ጊዜ የሞተ የአንጎል ክፍል የለም፤ በስትሮክ ግን አለ። ስለዚህ መልሱ የጠፋው መንገዱ በሽሚያ ስለ ተሸነፈ ነው ወይስ ከጉዳቱ የተነሣ ራሱ እየመነመነ ስለ ሄደ? ይህን ምሳሌው ብቻውን አይፈታውም።

ሁለተኛው ጉድለት ልዩ ልዩ ጉዳቶችን በአንድ መደብ ማየት ነው። ጀርመናዊው ማርቲን ሽታውት በ2002 ያወጡት የታወቀ ጥናት፥ ደኅናው ግማሽ በራሱ ወገን ያለውን እጅ ሊያዝ እንደሚችል ያስረዳል። ነገር ግን የተመረመሩት ሰዎች የተጎዱት ከመወለዳቸው በፊት፥ በአንጎላቸው ውስጠኛ ነጭ ክፍል ላይ ነበር። ሽታውት ራሳቸው በ2004 እንዳመለከቱት፥ ጉዳቱ ወደ መወለጃው ጊዜ በቀረበ መጠን ይህ ምትክ መንገድ ለእጅ የሚሰጠው ችሎታ ይቀንሳል። እንግዲህ የፊተኛውን ውጤት ወስዶ በስትሮክ ለተጎዳ አራስ ተስፋ ማድረግ፥ በሌላ ቤት ቁልፍ የራስን በር ለመክፈት እንደ መሞከር ነው።

ሦስተኛው የሥዕሉ ነገር ነው። በኤም አር አይ የሚታየው መስመር ነርቩ ራሱ አይደለም፤ በአንጎል ውስጥ ያለው ውኃ ወዴት እንደሚንቀሳቀስ ተለክቶ በስሌት የተሣለ ነው። ልጁ ዐርፎ ሳለ በሁለት የአንጎል ክፍሎች የደም ኦክስጅን አብሮ ከፍና ዝቅ ማለቱም «ግንኙነት» ይባላል፤ ትእዛዝ መተላለፉን ግን አያረጋግጥም። ስለዚህ ግንኙነት በዛ ማለት እጅ ዳነ ማለት አይደለም። እንዲያውም ከደኅናው ግማሽ ብቻ የሚታዘዝ እጅ ብዙ ጊዜ ደካማ ነው። የእጅ ትእዛዝ ወደ ደኅናው ግማሽ ተዛውሮ ሳለ፥ የመዳሰስ ስሜት በተጎዳው ግማሽ ሊቀርም ይችላል። እጁ የሚለካበትም መንገድ ልዩነት ያመጣል። የመጨበጥ ኃይሉን መለካት አንድ ነገር ነው፤ የስዊድን ተመራማሪዎች በ2003 ባቀረቡት መለኪያ እንደሚደረገው፥ ልጁ በሁለት እጁ ሲጫወት ደካማው እጅ ምን ያህል እንደሚረዳ ማየት ግን ሌላ ነው።

ይህ ሁሉ የቃላት ክርክር ብቻ አይደለም። «አንጎሉ ለጋ ነው፤ ራሱን ይጠግናል፤ ጠብቁ» የተባሉ ወላጆች፥ ሽሚያው የሚካሄድባቸውን ወራት እንዲያው ያሳልፏቸዋል። እነዚያው የስዊድን ሊቃውንት ግን ዓመት ባልሞላቸው ሕፃናት ላይ ደኅናውን እጅ በቀን 30 ደቂቃ ያህል እየሸፈኑ ደካማውን በጨዋታ አሠሩት፤ ይህንም ከሕፃናት ማሸት ጋር አወዳድረው በ2018 ባወጡት ጥናት የበለጠ መሻሻል አገኙ። የተመረመሩት ሕፃናት ጥቂት ስለ ኾኑ ነገሩ ተፈጸመ አንልም። እኛ የምንጠይቀው፥ ያንኑ ሕፃን ከመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እስከ ትምህርት ቤት ዕድሜው ተከትሎ፥ መንገዱንም ስሜቱንም እጁንም አብሮ የሚለካ ጥናት ነው። እስከዚያው ድረስ ግን፥ አንዱን እጁን ብቻ የሚዘረጋ ሕፃን ሳይዘገይ መታየት አለበት እንላለን።