የስንጥቅን ሰበቃ ስለ መመዘን

ከባሕር ዳር ወደ ጢስ ዓባይ የሚወርድ መንገደኛ ውሃው 40 ሜትር ያህል ከሚሆነው ገደል ሲወረወር አይቶ ግርማውን ያደንቃል፤ የተዳፋትን ጽናት በመመርመር ሙያ የምንኖር ግን ዓይናችን አስቀድሞ የሚያርፈው ጥቁሩን ድንጋይ ከላይ እስከ ታች በከፋፈሉት ስንጥቆች ላይ ነው፤ ባሳልቱ ራሱ ጽኑዕ ሲሆን፣ ተዳፋቱ የሚቆመውም የሚናደውም የስንጥቁ ሁለት ገጾች እርስ በርሳቸው በሚያደርጉት ሰበቃ ልክ ነውና።

ይህን ሰበቃ ከሠንጠረዥ ቀድቶ በስሌት ውስጥ ማስገባትን አልወደውም። ከዚያው ከተዳፋቱ የወጣውን ድንጋይ በመጋዝ አስቆርጦ፣ የመጋዙን ዱቄት አጥቦ (ጥቂት ዱቄት እንኳ ከቀረ ማዕዘኑ ይዛባል)፣ አንዱን በሌላው ላይ አስቀምጦ፣ የላይኛው ሸርተት እስኪል ድረስ በዝግታ ማዘንበል ይሻላል፤ ለባሳልት ይህ መሠረታዊ ማዕዘን ብዙውን ጊዜ ከ31 እስከ 38 ዲግሪ ነው።

የተፈጥሮ ስንጥቅ ግን ሸካራ ነው። የድንጋይ ሜካኒክስ ባለሙያው ኒክ ባርተን እ.ኤ.አ. በ1973 ያወጣው ቀመር የስንጥቁ ግድግዳ ጥንካሬ ከተጫነው ክብደት ጋር ያለውን ንጽጽር በሎጋሪዝም ወስዶ፣ በሸካራነቱ ቁጥር አባዝቶ፣ በመሠረታዊው ማዕዘን (የስንጥቁ ገጽ በአየር ጠባይ ከላላ ደግሞ ከእርሱ በሚያንሰው ቀሪ ማዕዘን) ላይ ይደምረዋል። ግድግዳው 100 ሜጋፓስካል፣ ሸካራነቱ 8፣ ቀሪው ማዕዘን 30 ዲግሪ ቢሆን፣ 4 ሜትር ያህል ድንጋይ በተጫነው አግዳሚ ስንጥቅ ላይ 54 ዲግሪ እናገኛለን፤ 40 ሜትር ቢጫነው ግን 46 ብቻ። ስለዚህ ለአንድ ገደል አንድ ማዕዘን ብቻ የሚጽፍ ዘገባ ጥንቃቄ የጎደለው ይመስለኛል፤ ደግሞም በ10 ሳንቲሜትር ናሙና ላይ የታየው ሸካራነት ብዙ ሜትር በሚረዝም ስንጥቅ ላይ ስለሚቀንስ፣ ከ54ቱ ላይ ሳልቀንስ አላልፍም።

ከሁሉ የከበደኝ ግን ጭቃው ነው። በጣና ዙሪያ ባሳልቱ በክረምት ዝናብ እየበሰበሰ ሸክላ ይሆናል፤ ሸክላውም በስንጥቁ ውስጥ ይተኛል፤ ውፍረቱ ከሸካራው ጥርስ ቁመት ሲበልጥ ድንጋይ ድንጋይን መንካቱን ስለሚያቆም፣ ያን ሁሉ የሸካራነት ስሌት ትቶ የሸክላውን ሰበቃ መለካት ግድ ይሆናል። በስንጥቁ የሚጠራቀመው ውሃም ግፊቱ ክብደቱን እያቃለለ ሰበቃውን ይቀንሳል። ስለዚህ ቅኝቴን ክረምቱ ሊወጣ ሲል አደርጋለሁ፤ የትኛው ስንጥቅ ውሃ እንደሚያወጣ፣ የትኛውም ጭቃ እንደሚተፋ በበጋ አይታወቅም፤ የማዘንበሉንም ፈተና እነዚያን ስንጥቆች ለይቼ፣ ናሙናውን አርጥቤ እደግመዋለሁ።