ባክስላሹ ይታይ

አብሮኝ የሚሠራ አንድ ወጣት ሰሞኑን «ለሰብሩቲን ሁለት አሬይ ልኬ ሁለተኛው ባዶ ሆኖ ይደርሳል፤ ለምንድን ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔ አፌን ሳልከፍት ሌላው ባልደረባችን «ፕሮቶታይፕ ጻፍለትና ተገላገል» አለው። ክርክራችን እስካሁን አልበረደም።

ፐርል ለሰብሩቲን የሚልከው አንድ ዝርዝር ብቻ ነው። ስኬለርም ሆነ አሬይ፣ ሁሉም ተዘርግቶ @_ በሚባለው አሬይ ውስጥ ይገባል፤ የአሬዮቹ ድንበር እዚያው ይጠፋል። ስለዚህ ተቀባዩ (@ቃላት, @ስሞች) = @_ ሲል @ቃላት ሁሉንም ጠቅልሎ ይወስዳል። ስኬለሩ ቀድሞ አሬዩ መጨረሻ ላይ ከሆነ፣ ማለትም ($ገደብ, @ቃላት) = @_ ከተባለ፣ ችግር የለም። እ.ኤ.አ. በ2022 ከወጣው ፐርል 5.36 ጀምሮ ከሙከራ ደረጃ የወጣው ሲግኔቸርም ቢሆን ይህን ሕግ አልሻረውም።

(\@\@) የሚለው ፕሮቶታይፕ እንደሚሠራ አልክድም። አሬዮቹ በሪፈረንስ ይሄዳሉ፣ ጠሪው ግን ባክስላሽ አይጽፍም። የእኔ ጠብ እዚህ ላይ ነው። አወዳድር(@ቃላት, @ስሞች) የሚለውን መስመር የሚያነብ ሰው ምን እንደተላከ ለማወቅ ሌላ ፋይል መክፈት አለበት። ሰብሩቲኑ ከመታወጁ በፊት ከተጠራ ወይም ከስሙ ፊት & ከተጻፈ ደግሞ ፕሮቶታይፑ አይሠራም፤ ያ መስመር ያንኑ መስሎ ሌላ ነገር ይልካል። ባልደረባዬ «ፑሽም እኮ ባክስላሽ አይጠይቅም» ይላል። ፑሽን ግን ፐርል የሚጽፍ ሁሉ ያውቀዋል፤ የእሱን ሰብሩቲን የሚያውቀው እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 ከወጣው ፐርል 5 በፊት ሪፈረንስ ስላልነበረ ሰዎች *ቃላት እያሉ በታይፕግሎብ ይልኩ ነበር። \@ቃላት ብሎ በግልጽ መጻፍ ከተቻለ በኋላ መልሶ መደበቅ ለምን ያስፈልጋል?

ይህ ለእኔ የአጻጻፍ ስልት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ፐርልን የያዝኩት ለአማርኛ የቃላት ዝርዝር ሥራ ነው። እንዲህ ባለው ሥራ ሐንና ኀን ወደ ሀ፣ ፀን ወደ ጸ የሚያመጣ ሰብሩቲን የግድ ነው። ከሌላ ሰው የተረከብኩት ፕሮግራም ይህን የሚያደርገው @_ ላይ በፎርኢች እየዞረ፣ እዚያው በመተካት ነበር። @_ ውስጥ ያሉት ግን ቅጂዎች አይደሉም፤ የጠሪው ዕቃዎች ራሳቸው ናቸው። አስተካክል(@ቃላት) ተብሎ ሲጠራ «ፀሐይ» «ጸሀይ»፣ «ኀይል» «ሀይል» ሆነው ተመለሱ። ጥሪው ላይ ይህን የሚጠቁም አንድም ምልክት የለም። ቃሉ የተወሰደበት ጽሑፍ ደራሲ እንዴት ጽፎት እንደነበር ከዚያ ዝርዝር ማወቅ የማይቻል ሆነ፤ ምንጩን ፋይል እንደገና ማንበብ ግድ አለ።

አንድ ደራሲ ከሦስቱ «ሀ» የትኛውን እንደመረጠ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። በሃይማኖት መጻሕፍት ያደገውን ከጋዜጣ ቤት ከመጣው ብዙ ጊዜ በዚያ እለያለሁ። ይህን የሚያጠፋ ኮድ ሳይ ደሜ ይፈላል።

ስለዚህ አቋሜ ግትር ነው፦ ሰብሩቲን በመጀመሪያ መስመሩ @_ን ወደ ራሱ ቫሪያብሎች ይገልብጥ፤ የጠሪውን አሬይ የሚነካ ከሆነ ደግሞ ጠሪው ባክስላሹን በገዛ እጁ ይጻፍ። አስተካክልን በዚሁ መንገድ እንደገና ጻፍኩት። \@ቃላት ይቀበላል፣ ዋናውን ሳይነካ የተስተካከለውን በአዲስ አሬይ ይመልሳል። ዛሬ በዝርዝሩ ውስጥ አንድ ሰው «ጸሀይ» ብሎ ቢፈልግ «ፀሐይ»ን ደራሲው እንደጻፋት ያገኛታል።