ሐዴስን የሚያባባ ዜማ

ለሙዚቃዊ ተውኔት ታሪክ ስመርጥ መጀመሪያ የምጠይቀው «ባለታሪኩ ለምን ይዘፍናል?» ብዬ ነው። መናገር የሚበቃው ሰው ሲዘፍን ተመልካች ይሰለቻል። ከግሪክ አፈ ታሪኮች መካከል የኦርፌዎስ ታሪክ ለዚህ ጥያቄ መልሱን ይዞ ይመጣል። ኦርፌዎስ ዘፋኝ ነው። ሚስቱን ዩሪዲሲን እባብ ነድፎ ሲገድልበት ወደ ሙታን ዓለም ይወርድና ንጉሡን ሐዴስን በዜማ ይለምናል። ዜማው ካልሠራ ታሪኩ እዚያው ያበቃል።

ፈተናውም ያለው እዚሁ ላይ ነው። በጽሑፍ ቢሆን «ልብ የሚሰርቅ ዜማ አዜመ» ብሎ ማለፍ ይቻላል። መድረክ ላይ ግን ተመልካቹ ዜማውን ራሱ ሰምቶ ይፈርዳል። የሙዚቃ ደራሲዎች ከ400 ዓመታት በላይ ወደዚህ ታሪክ የሚመላለሱት ይህ ፈተና ስለሚያጓጓቸው ይመስለኛል።

ጣሊያናዊው የሙዚቃ ደራሲ ሞንተቨርዲ እ.ኤ.አ. በ1607 በማንቱዋ ባቀረበው ኦፔራ ኦርፌዎስ በድምፅ ጥበቡ ሊረታ ይሞክራል። የሙታንን ወንዝ የሚያሻግረውን ካሮንን ሲለምን፣ ድምፃዊው ያለውን ችሎታ ሁሉ ያወጣል። ካሮን ዜማው ደስ ይለዋል፤ ግን አይራራም። በኋላ እንቅልፍ ሲጥለው ነው ኦርፌዎስ በጀልባው የሚሻገረው። ሞንተቨርዲ ችሎታ ብቻውን አንጀት እንደማይበላ ያወቀ ይመስላል።

አሜሪካዊቷ አናይስ ሚቼል «ሀደስታውን» በተባለው ሙዚቃዊ ተውኔቷ የሄደችበት መንገድ ሌላ ነው። ሥራውን በ2006 በቨርሞንት በትንሽ መድረክ ጀመረችው፤ በ2010 አልበም ሆነ። በ2019 በሬቸል ቻቭኪን አዘጋጅነት ብሮድዌይ ደርሶ 8 የቶኒ ሽልማቶችን አገኘ። እዚህ ሐዴስ ከተማውን በግንብ ያጠረ የፋብሪካ ጌታ ነው፤ ዩሪዲሲን ወደ እርሱ የሚነዳት እባብ ሳይሆን ረሃብ ነው። ኦርፌዎስ ፊቱ ሲቆም ስለራሱ ሐዘን አያወራም። ሐዴስ ወጣት ሳለ ሚስቱን ፐርሴፎኒን እንዴት እንደወደዳት ይተርክለታል፤ ያን ጊዜ ያንጎራጎረውን ቃል አልባ ዜማም ይመልስለታል። ንጉሡን የሚረታው የረሳው የገዛ ዜማው ነው። ተመልካቹም ዜማውን ቀደም ሲል ስለሰማው አብሮ ያስታውሳል። በእኔ ሚዛን ይህ ከከፍተኛ ኖታ ሁሉ ይበልጣል።

ቀጥሎ የሚመጣው ሐዴስ ዩሪዲሲን ሲመልስለት የሚሰጠው «እስክትወጡ ዞረህ እንዳታይ» የሚለው ቅድመ ሁኔታ ነው፤ ከዞረ ያጣታል። የኦፔራ ደራሲዎቹ ፔሪ በ1600፣ ግሉክ በ1762 ታሪኩን በደስታ ጨርሰውታል። ሚቼል ግን ኦርፌዎስን አዞረችው፤ ዩሪዲሲም ከመድረኩ ወለል በታች ትሰምጣለች። ተራኪው ሄርሜስ ገና ከመነሻው ታሪኩ አሳዛኝ መሆኑን ነግሮናል። ያም ሆኖ «ዘንድሮስ አይዞር ይሆናል» ብለን እንጠብቃለን፤ ዜማው ሐዴስን ሲረታ እኛንም ረትቶናልና።

እንግዲህ አፈ ታሪክን ወደ መድረክ ለማምጣት የምታስቡ ወጣት ጸሐፊዎች፣ የአማልክቱ ስምና ዝና አያታልላችሁ። ከድርሰታችሁ ውስጥ ዘፈኖቹን አውጥታችሁ አንብቡት። ታሪኩ ምንም ካልጎደለበት በንግግር ተውኔትነቱ ይቅር፤ ሙዚቃ አያስፈልገውም።