ስለ «ትንንሽ ሴቶች» የአንባቢዎች አስተያየት

ባለፉት ሁለት ወራት በመሥሪያ ቤታችን አንድ መጽሐፍ ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር ሰንብቷል። ይኸውም አሜሪካዊቱ ደራሲ ሉዊዛ ሜይ አልኮት «ትንንሽ ሴቶች» ብላ የሰየመችው ልብ ወለድ ታሪክ ነው። አስቀድመን ያነበብነው እኛ ስንሆን፥ ከኛ አንድ የእንግሊዝኛ መምህር ወዳጃችን፥ ከእርሱም ተማሪዎቹ፥ ከዚያም የመዝገብ ቤት ባልደረቦቻችን ተቀባብለው አንብበውታል። ከሥራ ሰዓት በኋላ ሻይ እየጠጣን ባደረግነው ጭውውት የተሰጠው አስተያየት እጅግ የተለያየ ስለ ሆነ፥ ይህንኑ ለአንባቢዎቻችን አቅርበን እኛም በበኩላችን ፍርዳችንን ልንሰጥበት ወደድን።

ደራሲዪቱ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1832 ዓ.ም. ተወልዳ በ1888 ዓ.ም. ያረፈች ናት። አባቷ ፍልስፍናንና ትምህርትን የሚወድ፥ ነገር ግን ገንዘብ የማይበረክትለት ሰው ስለ ነበረ፥ ቤተ ሰቧን ለመርዳት በልብስ ስፌት፥ በአስተማሪነትና በጽሕፈት ደክማለች፤ በአገሯ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜም ቍስለኞችን አስታማለች። ይህንንም መጽሐፍ የጀመረችው የቦስተን አሳታሚዋ ለልጃገረዶች የሚሆን ታሪክ እንድትጽፍ ስለ ጠየቃት ነው። የመጀመሪያው ክፍል በ1868፥ ሁለተኛው ክፍል በ1869 ታተመ።

ታሪኩ የአራት እኅትማማች ታሪክ ነው። አባታቸው የጦር ሠራዊት ቄስ ሆኖ በመዝመቱ፥ ሜግ፥ ጆ፥ ቤዝና ኤሚ ከእናታቸው ጋራ በችግር ይኖራሉ። ከጎረቤታቸው ባለጸጋ ሽማግሌ ቤት የሚኖረው ሎሪ የተባለው ጐልማሳ ወዳጃቸው ይሆናል፤ ከሁሉም ይልቅ ግን ልቡ ወደ ጆ ያዘነብላል። ጆ ቁጡ፥ ፈጣንና ጽሕፈት ወዳድ ልጅ ናት። ሎሪ ባደገ ጊዜ ለጋብቻ ቢጠይቃት አልቀበልም ትለዋለች። እርሱም በኋላ ታናሽ እኅቷን ኤሚን ያገባል፤ ጆ ደግሞ በዕድሜ የሚበልጣትን ድኻውን ጀርመናዊ መምህር ቤርን ታገባለች።

የተማሪዎቹ አስተያየት በአንድ ድምፅ የተሰጠ ነው ለማለት ይቻላል። «ጆና ሎሪ አብረው ያደጉ፥ አብረው የሳቁ ናቸው፤ ደራሲዪቱ ያለያየቻቸው በጭካኔ ነው» ይላሉ። አንዲቱም ተማሪ ጆ ሎሪን የምትመልስበትን ምዕራፍ ካነበበች በኋላ መጽሐፉን ለሦስት ቀን እንዳልከፈተችው ነግራናለች።

መምህሩ ግን ከዚህ ፍጹም ተቃራኒ ሐሳብ አቀረበ። በእርሱ አስተያየት ጆ ማንንም ማግባት አልነበረባትም። ለዚህም ማስረጃ አድርጎ የጠቀሰው የደራሲዪቱን የራሷን ታሪክ ነው። የመጀመሪያው ክፍል እንደ ወጣ ልጃገረዶች እኅትማማቾቹ ማንን እንደሚያገቡ እየጠየቁ ይጽፉላት ነበር፤ እርሷም ማንንም ለማስደሰት ብላ ጆን ለሎሪ እንደማትድራት በዕለት ማስታወሻዋ አስፍራለች። በኋላም ጆ ሳታገባ ደራሲ ሆና ብትቀር እንደምትመርጥ፥ ነገር ግን የአንባቢዎቹ ጩኸት ስለ በረታባት በእልኽ ያልታሰበ ባል እንደ ፈለገችላት በደብዳቤዋ ገልጻለች። ራሷም ሳታገባ ኖራለች። «ስለዚህ መምህር ቤር የአንባቢዎች ልጅ ነው እንጂ የደራሲዪቱ ልጅ አይደለም» ሲል መምህሩ ንግግሩን ደመደመ።

አንድ ሸምገል ያሉ የክፍል ሹም ደግሞ «ልጆቼ፥ እኔስ ጦርነትና ጀብዱ ይገኝበታል ብዬ ነበር፤ ያገኘሁት የጓዳ ወሬ ነው፤ ምክሩም በዛብኝ» ብለው አሳቁን። ሆኖም ቤዝ የምትሞትበትን ሥፍራ ሲያነቡ መነጽራቸውን ማውለቃቸውን አልደበቁም።

ጭውውቱ በዚህ ሁኔታ ሲካሄድ፥ እስከዚያ ድረስ ዝም ብላ ታዳምጥ የነበረች አንዲት የመዝገብ ቤት ባልደረባችን «ወንድሞቼ፥ አንድ ሰዓት ሙሉ ማንን ታግባ ስትሉ ቈያችሁ፤ ምን ትጻፍ ያለ ግን የለም። እኔንም በያመት በዓሉ ዘመድ ሁሉ የሚጠይቀኝ ይህንኑ ነው፤ የማታ ትምህርቴ ከምን ደረሰ የሚለኝ አንድም ሰው የለም» አለች። ያን ጊዜ ሁላችንም ዝም አልን። እኛም ራሳችን ከተማሪዎቹ ጋራ ተሰልፈን ለሎሪ ስንሟገት የነበርን ስለ ሆንን፥ ነገሩ ወደ ቤታችን እስክንደርስ ከኅሊናችን አልወጣም። በዚያውም ሌሊት መጽሐፉን እንደገና ገለጥነው።

እንደገና ስናነበው ያገኘነው ይህ ነው። ጆ ሎሪን አለመቀበሏ ድንገት የመጣ አይደለም። ሁለቱም ቁጡና ነጻነት ወዳድ በመሆናቸው ለትዳር እንደማይስማሙ እናቲቱ አስቀድማ ተናግራለች፤ የጠባያቸውም መመሳሰል ከመጀመሪያው ጀምሮ ተገልጧል። እንግዲህ ተማሪዎቹ ያዘኑት ደራሲዪቱ ስለ ተሳሳተች ሳይሆን ወዳጅነቱን አሳምራ ስለ ጻፈችው ነው፤ ይህም ለእርሷ ምስጋና ነው።

በመምህር ቤር ነገር ግን ከወዳጃችን ጋራ እንስማማለን። ሰውዬው ደግ ነው፤ ነገር ግን የመጣው ዘግይቶ ነው። ከዚህም የሚብስ አለ። ጆ በኒውዮርክ ሳለች ለገንዘብ የጻፈቻቸውን ታሪኮች፥ እርሱ እንዲህ ያለውን ጽሑፍ መንቀፉን በሰማች ጊዜ ወደ እሳት ትጨምራቸዋለች። ታሪኮቹ ርካሽ ነበሩ እንበል፤ ነገር ግን ለታመመችው ቤዝ ማገገሚያ ገንዘብ የተገኘው በእነርሱ ነው። «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለው የአገራችን ተረት እዚህ ቦታ ላይ ባሕር ተሻግሮ እንደ ተፈጸመ ሆኖ ተሰማን። እርግጥ ነው፥ ጆ ቤዝ ከሞተች በኋላ በእናቷ አበረታችነት እንደገና ትጽፋለች፤ በ1886 በታተመው «የጆ ልጆች» በተባለው ተከታይ መጽሐፍም ስመ ጥር ደራሲ ሆና እናገኛታለን። ደራሲዪቱ ጕድለቱን ሳታውቀው አልቀረችም።

የመጽሐፉ እውነተኛ ኀይል ያለው ግን ከጋብቻዎቹ ላይ አይደለም። ኤሚ በቂም ተነሣሥታ የጆን የብዙ ዘመን ጽሑፍ ታቃጥላለች፤ ጆም አልምርም ትላለች፤ በማግሥቱ ኤሚ በሳሳው በረዶ ውስጥ ስትሰጥም ቂሙ ሁሉ በፍርሃት ይቀልጣል። ደግሞም አባታቸው በታመመ ጊዜ ጆ ለእናቷ መንገድ እንዲሆን ጠጕሯን በ25 ብር አሜሪካን ሸጣ ትመጣለች፤ ሌሊት ግን ስለ ጠጕሯ ተደብቃ ታለቅሳለች። መሥዋዕትነትንና ያንን ልቅሶ አንድ ላይ ማስቀመጥ ሰውን የሚያውቅ ደራሲ ሥራ ነው። እኛ የክፍል ሹማችን የጓዳ ወሬ ያሉትን ሌላ ስም ብንሰጠው እንመርጣለን፤ ፍቅር የሚለመደው በመጀመሪያ እዚያው ጓዳ ውስጥ ነውና።

ክርክሩ ዛሬም አላለቀም። በ2019 የወጣው የግሬታ ገርዊግ ፊልም እንኳ አሳታሚው ባለታሪኳ እንድትዳር ሲያስገድድ፥ ጸሓፊዋም ስትደራደር ያሳያል።

ስለዚህ ለወጣት ደራሲዎቻችን የምናሳስበው፥ የአንባቢን ድምፅ እንዲሰሙ፥ ብዕሩን ግን እንዳያስረክቡ ነው። ለአንባቢዎቻችንም፥ ለራሳችንም ጭምር፥ የምንለው አለ። ስለ አንዲት ልጅ የተጻፈ መጽሐፍ ስንዘጋ፥ ማንን አገባች ብለን ከጠየቅን በኋላ፥ ምን ሠራች ብለንም እንጠይቅ። ባልደረባችንን ስለ ማታ ትምህርቷ በማግሥቱ ጠየቅናት፤ ዐሥራ አንደኛ ክፍል መድረሷን ነገረችን።