የሕይወት መነሻና መድረሻ፤ በሮሜ መልእክት ምዕራፍ 11 ቁጥር 35 እና 36 ላይ የተጻፈ ሐተታ

ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ የሮሜ መልእክቱን ዐሥራ አንደኛ ምዕራፍ የሚፈጽመው በሦስት ታናናሽ ቃላት ነው፤ እነርሱም ከእርሱ፥ በእርሱ፥ ለእርሱ የሚሉ ናቸው። ከእርሱ ማለቱ የፍጥረት ሁሉ መገኛ እግዚአብሔር ነው ሲል ነው። በእርሱ ማለቱ ጠባቂውና መጋቢው እርሱ ነው ሲል ነው። ለእርሱ ማለቱም የፍጥረት መድረሻ፥ የሰውም ሕይወት ፍጻሜ እርሱ ነው ሲል ነው። ቃላቱ ታናናሽ ቢሆኑም፥ ከሦስቱ አንዱን ከሌላው ለይቶ የሚያነብ ሰው ከምሥጢሩ ይወጣል።

ብዙ ሰው ግን ለይቶ ያነባል፤ የፊተኛውን ቃል ይወድዳል፥ የኋለኛውን ይዘነጋል። ሹመት ያገኘውን፥ በጦር ድል ያደረገውን፥ ጎተራው የሞላለትን አይቶ እግዚአብሔር ሰጠው ይላል። ይህ ቃል እውነት ነው፤ ከእግዚአብሔር ያልተገኘ በጎ ነገር የለምና። ስሕተቱ የሚመጣው ከዚህ ቀጥሎ ነው። እግዚአብሔር ከሰጠውማ ወድዶታል፥ ከወደደውም የሚሠራው ሁሉ ቅን ነው ብሎ ይደመድማል። እንዲህ ያለው ንባብ መገኛውን አክብሮ መድረሻውን ይሰርቃል።

የዚህን ንባብ ጉድለት ለማስረዳት የስሜን አገር ታሪክ ይበቃል። ከጎንደር ተነሥቶ በዳባት በኩል ወደ ደባርቅ የሚሄድ መንገደኛ የስሜንን ተራሮች በስተምሥራቅ ያያል። በዚያ ተራራማ አገር፥ በጃናሞራ፥ ደረስጌ ማርያም ትገኛለች። ያሠሯትም ስሜንንና ትግሬን ይገዙ የነበሩት ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ናቸው፤ በሥራውም ሺምፐር የተባለ የጀርመን አገር ሰው ረድቷቸዋል። ደጃዝማች ውቤ ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ ሊደፉባት አስበው ነበር። ጳጳስም አላጡም፤ መልእክተኞች ወደ ግብጽ ልከው በ1834 ዓመተ ምሕረት አቡነ ሰላማን አስመጥተዋል። ቤተ ክርስቲያኒቱ ተሠራች፥ ቀቢውም ተገኘ፤ የቀረው ዘውዱን መድፋት ብቻ መሰለ።

ነገር ግን የካቲት 3 ቀን 1847 ዓ.ም. በደረስጌ ጦርነት ደጃዝማች ካሣ ኃይሉ ድል አደረጓቸው፤ ውቤም ተማረኩ። የካቲት 5 ቀን፥ በዚያችው ቤተ ክርስቲያን፥ በዚያው ጳጳስ እጅ፥ ካሣ ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። የሠሪው ቤት ለሌላው ዘውድ ሆነ፤ ሠሪውም በእስር ሳሉ ዐረፉ።

ይህን የሰማ ሰው፥ እነሆ እግዚአብሔር ውቤን ጠልቶ ካሣን ወደደ ቢል፥ ታሪኩ በዚህ አልተፈጸመም ብለው ይመልሱለታል። ቴዎድሮስ የሚለው የመንግሥት ስም ፍካሬ ኢየሱስ ሊመጣ ስላለው ጻድቅ ንጉሥ ከሚናገረው የተወሰደ ነው፤ ንጉሡም በዚህ ስም ከእግዚአብሔር እንደ ተላኩ አሳወቁ። ዐሥራ ሦስት ዓመት ካለፈ በኋላ ግን፥ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.፥ በትንሣኤ ማግሥት፥ የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሲይዝ በገዛ እጃቸው ሞቱ። ለመቅደላ መድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን የሰበሰቧቸው መጻሕፍትም ተዘርፈው ወደ ባሕር ማዶ ሄዱ። እንግዲህ የደረስጌ ድል የፍቅር ምልክት ከሆነ፥ የመቅደላ ሽንፈት የጥላቻ ምልክት ሊሆን ነውን? እንዲህ የሚፈርድ ሰው ፍርዱ እንደ ሸማኔ መወርወሪያ ወዲያና ወዲህ ሲል ይኖራል። የሁለቱ ነፍስ ፍርድ የእግዚአብሔር ነው፤ ለአንባቢ የተተወው ከሥራቸው መማር ነው።

ትምህርቱ በቁጥር 35 ላይ ይገኛል። ሐዋርያው ሦስቱን ቃላት ከመናገሩ አስቀድሞ፥ ለእግዚአብሔር ፊተኛ ሆኖ አበድሮ ብድሩን የሚቀበል ማን ነው ብሎ ይጠይቃል። ይህን ጥያቄ ዘልሎ ቁጥር 36ን የሚያነብ ሰው ምስጋናውን ወደ ንግድ ይለውጠዋል። ቤተ ክርስቲያን አሠርቶ ዘውድ መጠበቅ ማበደር ነው፤ በትንቢት ስም ነግሦ ድልን እንደሚገባ ዋጋ መጠበቅም ማበደር ነው። ይህ ፈተና የመኳንንት ብቻ አይደለም። ስለት ተስሎ ያሰበው ሳይሆንለት ሲቀር ከቤተ ክርስቲያን የሚርቅ፥ ጾሞ ጸልዮ ልጁ ሲታመምበት ምን በደልሁ ብሎ የሚያጉረመርም ሰው፥ በደጃዝማች ውቤ ደጅ ቆሟል። እርሱም እግዚአብሔርን መንገድ አድርጎ፥ መድረሻውን ራሱን አድርጓልና።

ሁሉ ለእርሱ ከሆነ ለሰው ምን ተረፈለት ቢሉ፥ የሥነ ፍጥረት ትምህርት ይመልሳል። ሰው የተፈጠረው የእግዚአብሔርን ስም ሊቀድስ፥ ክብሩንም ሊወርስ ነው። መቀደሱ ለእግዚአብሔር የሚጨምርለት የለም፤ መውረሱ ግን ለሰው ሕይወት ነው። ስለዚህ ለእርሱ የሚለው ቃል ሰውን አያራቁትም። ባለ ብድር ዋጋውን ተቀብሎ ይሄዳል፤ ልጅ ግን ከአባቱ ጋር ይኖራል፥ ይወርሳልም። ዋጋ የሚጠይቅ ሰው ከሚገባው እጅግ ያነሰ ነገር መጠየቁ ነው።

ለእርሱ መኖር የመነኮሳት ብቻ ነው የሚልም ይኖራል። ከደባርቅ በሊማሊሞ ቁልቁለት ወርዶ ወደ ዋልድባ የሚሄድ ሰው፥ እህል ትተው በቋርፍ የሚኖሩ መናንያንን ያገኛል። ትሩፋታቸው ታላቅ ነው። ነገር ግን ሐዋርያው ሁሉ አለ እንጂ መናንያን አላለም። በደባርቅ ደጋ ገብሱን በረዶ የመታበት ገበሬ፥ ያመሰገነውን አምላክ በማግሥቱም አመስግኖ፥ ከተረፈችው ቁና ለጎረቤቱ ቢያካፍል፥ ቋርፍ ሳይበላ የዋልድባን ሥራ ሠርቷል። በረዶው መጠላቱን አያሳይም፤ የዳባት ጎረቤቱ ጎተራ መሙላቱም መወደዱን አያሳይም። የሁለቱም ሕይወት የሚመዘነው ወዴት እንደሚሄድ ተጠይቆ ነው።

የደረስጌ ቤተ ክርስቲያንስ ከንቱ ሆነችን? አልሆነችም። ያሠሯት ሰው ዘውድ አልደፉባትም፥ የደፉባትም ንጉሥ መንግሥታቸው አለፈ፤ ቤቲቱ ግን ቆማለች። ዘውድ ያላሰቡ ገበሬዎች ልጆቻቸውን አስጠመቁባት፥ ቅዳሴ ሰሙባት፥ ሙታናቸውን ቀበሩባት። ሰው ለራሱ ያሰበውን እግዚአብሔር ለራሱ አደረገው። ይህ ግን ሠሪውን ስለ አሳቡ ከመጠየቅ አያድነውም። ሥራው ወደ መድረሻው ደርሶ ሠሪው ግን በመንገድ እንዳይቀር፥ ልብ ከእጅ ጋር አብሮ ይሂድ።

ሕይወት ከእርሱ ለተገኘ፥ በእርሱም ለሚጠበቅ፥ ወደ እርሱም ለሚመለስ ለእግዚአብሔር ክብርና ምስጋና ይሁን። አሜን።