ጎንበስ ያለው ንጉሥ

በግብፅ፣ አቢዶስ በሚገኘው የንጉሥ ቀዳማዊ ሴቲ ቤተ መቅደስ ግድግዳ ላይ ንጉሡ አማልክቱን ሲያጥን ይታያል። ማጠኛው እንደ ክንድ የረዘመ ነው፤ በአንድ ጫፉ ጽዋ የያዘ እጅ፣ በሌላው የጭልፊት ራስ አለው። ቀራጮቹ ነጩን የኖራ ድንጋይ ከምስሉ ዙሪያ ጥቂት በጥቂት እየፋቁ ገላው ብቻ ከፍ ብሎ እንዲቀር አድርገዋል። ከፍታው እጅግ ትንሽ ነው፤ ሆኖም ብርሃን ከጎን ሲያርፍበት የቀሚሱ ሽንሽን፣ የአንገቱ ዶቃ፣ የጣቶቹ ጥፍር ሳይቀር ብቅ ይላል። እንዲህ ያለ ትዕግሥት ራሱ ጸሎት ይመስለኛል።

ሴቲ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1279 ገደማ ሲሞት ሥራው አላለቀም ነበር። ያስጨረሰው ልጁ ዳግማዊ ራምሴስ ነው። የእሱ ቀራጮች ግን ምስሉን ወደ ውስጥ መቦርቦሩን መረጡ፤ ይህ ፈጠን ይላል፣ ፀሐይ ላይም ጎልቶ ይታያል። የእኔ ልብ የሚያደላው ግን ለአባትየው ነው።

በተለይ አቋቋሙን እወድለታለሁ። የግብፅ ነገሥታት በድንጋይ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ቀጥ ብለው ነው የሚቆሙት። ሴቲ ግን በብዙ ቦታ ከወገቡ ጎንበስ ብሎ፣ የእውነትና የፍትሕ አምላክ የሆነችውን የማአትን ትንሽ ምስል በመዳፉ ላይ አኑሮ ያቀርባል።